የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ነቀርሳ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ጠባቡን የጭስ ማውጫ እየወጡ የሚጠርጉት የድሃ ልጆች ነበሩ። ጥላሸቱ በቆለጣቸው ከረጢት እጥፋቶች ውስጥ እየተጠራቀመ ለዓመታት ይቆይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1775 የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ፐርሲቫል ፖት በዚያ ቦታ የሚወጣውን ክፉ ቁስል ከጥላሸቱ ጋር አያያዘው፤ ጽሑፉ ነቀርሳን ከሥራ ጋር ካገናኙት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ነው። ጭካኔው ግን ቶሎ አልቆመም። የ1840ው ሕግ ከ21 ዓመት በታች ያሉት እንዳይወጡ ቢከለክልም በሰፊው ይጣስ ነበር፤ ልማዱን ያስቀረው የ1875ቱ ሕግ ነው።

በ1915 ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ያማጊዋና ኢቺካዋ የድንጋይ ከሰል ቅጥራን በጥንቸሎች ጆሮ ላይ ለወራት ደጋግመው ቀብተው ነቀርሳ አስከተሉ። በ1930ዎቹ የለንደን ተመራማሪዎች ከቅጥራኑ ውስጥ ቤንዞፓይሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ይኸው ንጥረ ነገር በጥላሸትም ውስጥ አለ።

ሰውነት ቤንዞፓይሪንን ለማስወገድ ሲሞክር፣ ሳይፈልግ፣ ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ ቅርጽ ይሰጠዋል። ጉዳቱ ሳይጠገን ሕዋሱ ከተከፈለ በቅጂው ላይ የሚፈጠረው ስህተት ቋሚ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ስህተቶች የሕዋስ ክፍፍልን የሚገቱትን ዘረመሎች ሲያበላሹ ሕዋሱ ያለ ልክ ይባዛል። ስህተቶቹ የሚጠራቀሙት ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ በልጅነት የጀመረው ጉዳት በሽታ ሆኖ የሚታየው ጠራጊው ካደገ በኋላ ነበር።