ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

ቦንጋ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሜ ከሠራተኛው ጋር ሳወራ፣ ለማውራት ስታገል ማለቱ ይሻላል፣ ይህ ተረት ትዝ አለኝ። ሰውየው ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሷል። ዕድሜው ከሠላሳዎቹ ያለፈ አይመስልም። «ይህ ሁሉ ጩኸት አያስቸግርህም?» አልኩት። «በቆሎ ነው ማሽላ?» አለኝ። ሦስተኛው ላይ ከንፈሬን አንብቦ ሳቀ። «ጋሼ፣ ለምጄዋለሁ እኮ! መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ ጆሮዬ ይጮህ ነበር፤ አሁን ምንም አይመስለኝም።»

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጩኸት «ተለመደ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ጆሮ ከሚሰማው ጥቂቱን ሲተው ነው። ተረቱን የምንናገረው ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው የራሱን ሐሜት አይሰማም ለማለት። የመስማት ጉዳትም እንደዚያው ነው። ቀድማ የምታውቀው ሚስት ናት፤ ባል «አትጮሂም እንዴ?» ማለት ሲጀምር።

በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ረቂቅ የፀጉር ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ጩኸት ደግሞ ቀጫጭኖቹን ድምፆች አስቀድሞ ይወስዳል። «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» ይሳሳሉ፤ አናባቢዎቹ ይቀራሉ። ሰውየው «ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም» የሚለው ለዚህ ነው። በአማርኛችን ደግሞ «መጣሽ» እና «መጣህ» የሚለዩት በአንዲት ፊደል ነው! (የቀድሞ ሙያዬ አልለቅ ብሎኝ ነው፣ ይቅርታ።)

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ቬኒስ ውስጥ አንድ ሰፈር ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ መዳብ የሚቀጠቅጡ ሰዎች ቀስ በቀስ ጆሯቸው እንደሚደነቁር መዝግቧል። በ1886 ደግሞ ቶማስ ባር የተባለ የጆሮ ሐኪም ግላስጎው ላይ አንድ መቶ የቦይለር ሠራተኞችን መረመረ። መሣሪያው የኪስ ሰዓት ነበር፤ የሰዓቷ ቲክ ቲክታ ከምን ያህል ርቀት እንደሚሰማቸው ለካ። ከመቶው ውስጥ መስማቱ ጤናማ የሆነ አንድ እንኳ አላገኘም። ስብሰባ ላይ የሚባለውን ትሰማላችሁ ወይ ብሎም ጠይቋቸዋል፤ አብዛኞቹ ይቸገሩ ነበር። ልብ በሉ፣ ያጡት ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከሰው መሐል የሚያስቀምጣቸውን ነገር ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ካፋም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጮቹን በማረሻቸው እየተጠቀመ እነሱን ግን ከማዕዱ ያርቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው የካፋ ንጉሥነት ካበቃ ገና አሥር ዓመት ገደማ ነበር። አዋጁ የቀጥቃጩን ስም ለመጠበቅ ሞከረ፤ ጆሮውን ያሰበለት ግን አልነበረም።

በዚያ ዘመን ቡናም እህልም በሙቀጫ ይወቀጥ፣ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጭ ነበር። የዘነዘና ድምፅ ዘፈን ያስወጣል እንጂ አያደነቁርም። የሴቶቹን ወገብ ግን ይቆርጥ ነበርና ሞተሩ ሲመጣ እሰየው መባሉ ትክክል ነው፤ ወደ ሙቀጫ እንመለስ የሚል ካለ እሱ ራሱ ይውቀጥ። ከዚያ የደረቅ ቡና መፈልፈያው መጣ፤ ከዚያ የእንጨት መሰንጠቂያው። ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ውሽውሽ የሻይ ልማት አለ (ስሙ ራሱ የሹክሹክታ ድምፅ ይመስለኛል)፤ ሻይም ቢሆን ያለ ማራገቢያና ያለ መፍጫ ማሽን ጠጅ ሳር አይደል፣ ቅጠል ሆኖ ነው የሚቀረው።

ሕጉስ? የሠራተኛ አዋጅ በ1968፣ በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል። የመጨረሻው፣ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስረዳ ያዛል። ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ባለቤትና ሁለት ሠራተኛ ባለበት ወፍጮ ቤት፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሲገባ ያየ ካለ ይንገረኝ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ቢሮው በእግር የሚደረስበት ሆኗል ማለት ነው።

የሚፈለገውም ተአምር አይደለም። የባለሙያዎቹ ልክ በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። መለኪያ የሌለው ሰው በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገው ቦታው ለጆሮ አይሆንም። ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ጥጥ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ የሚገባው የስፖንጅ መድፈኛ ግን ይረዳል፣ በደንብ ከገባ። ከሁሉ በፊት ግን የላላውን ብሎን ማጥበቅ፣ ከሞተሩ ሥር ጎማ ማንጠፍ፣ ሞተሩን በግድግዳ መለየት፣ ሁለቱ ሠራተኞች ሰዓት እንዲከፋፈሉ ማድረግ አለ።

ይህንን ለባለቤቱ ስነግረው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። «እሱ ራሱ መች አድርግ ቢሉት ያደርጋል?» አለኝ ወደ ሠራተኛው እያመለከተ። እውነት ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም መድፈኛውን ገዝቶለት አያውቅም።

ወዲያው ሞተሩ ጠፋና ዝም አለ። አንዲት ልጅ እህል ተሸክማ መጥታ ከኋላው ጠራችው። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሰማኋት። ደግማ ጠራችው። በመጨረሻ ጆንያውን አውርዳ ሄደችና ትከሻውን ነካ አደረገችው።