የአዝርዕታችን ታሪክና ያልተጻፈው የገበሬ ስም

ታሪክ ሲጻፍ የነገሥታት ዘመን፥ የጦርነት ቀንና የከተሞች መቈርቈር በጥንቃቄ ይመዘገባል። ነገር ግን የሰውን ልጅ ኑሮ ከማናቸውም ድል አብልጦ የለወጠው ሥራ፥ ይኸውም የዱር ሣር ወደ እህልነት የተለወጠበት ሥራ፥ የሠሪዎቹ ስም ሳይታወቅ ቀርቷል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተዘነጋ ታሪክ በጥቂቱ ለማስታወስ ነው።

ግንቦት 1 ቀን የልደታ በዓል ሲከበር በአዲስ አበባ፥ በልደታ ሰፈርም ሆነ በሌላው፥ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ከደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይቃመሳል። በንፍሮው ውስጥ ያሉት ስንዴ፥ ሽምብራና ባቄላ መጀመሪያ የተላመዱት በቅርብ ምሥራቅ አገሮች ሲሆን ወደ እኛ የመጡት በጥንት ዘመን ነው። ጤፍ፥ ኑግና እንሰት ግን ከዚሁ ከምድራችን የበቀሉ፥ በዚሁ ሕዝብ እጅ የተላመዱ ናቸው። ስለዚህ የገበሬያችን ሥራ ሁለት ነው፤ የራሱን ከዱር አወጣ፥ የእንግዳውንም ከአየሩ ጋር አስማማ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዱር ሣር ዘሩን ለማባዛት ፍሬው እንደ በሰለ ይረግፋል፤ ለሣሩ የሚጠቅመው ይህ ጠባይ ለሰው ጉዳት ነው። ጥንታዊው ሰው ሲሰበስብ በእጁ የሚገባው ሳይረግፍ የቈየው ፍሬ ስለ ሆነ፥ ለከርሞም የሚዘራው ይህንኑ ስለ ነበረ፥ ከብዙ ትውልድ በኋላ የማይረግፈው ዐይነት እያየለ ሄደ። ተክሉም ያለ ሰው እጅ ዘሩን መበተን ስለ ተሳነው ኑሮው ከገበሬው ኑሮ ጋር ተሳሰረ። የሚያስደንቀው ግን የጤፍ ነገር ነው፤ ሌሎች አዝርዕት ሲላመዱ ፍሬያቸው ሲተልቅ ጤፍ ትንሽነቱን አልተወም፤ አንድ ሺህ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። እንሰት ደግሞ ሌላ ብልሃት ጠየቀ፤ ገበሬው ዘር በመዝራት ፈንታ አምቾውን ቀብሮ ከእርሱ የሚወጣውን ችግኝ ይተክላል።

በዚህም ላይ የአገራችን አቀማመጥ አለ። ከቈላ ወደ ወይና ደጋ፥ ከወይና ደጋ ወደ ደጋ በአጭር መንገድ የአየሩ ጠባይና የአፈሩ ዐይነት ይለዋወጣል። በዚህም ምክንያት ለውርጭ የሚታገሥ፥ ድርቅ የሚችል ወይም ቶሎ የሚደርስ እየተባለ በየሥፍራው የተመረጠው ዘር እጅግ ብዙ ሆነ።

ይህን ሀብት ለዓለም ካስተዋወቁት ሊቃውንት አንዱ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፥ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን አነጋግሮ፥ በገጠሩ እየተዘዋወረ በሺህ የሚቈጠር የዘር ናሙና ሰበሰበ። አገራችንንም አዝርዕት ከተገኙባቸው የዓለም ማእከሎች መካከል አንዷ አድርጎ ቈጠራት። ኋላ ላይ የተነሡ ተመራማሪዎች ግን ስንዴና ገብስ በኢትዮጵያ እጅግ ይብዙ እንጂ ምንጫቸው ሌላ መሆኑን አሳዩ። ይህ እርማት ክብራችንን አይቀንስም፤ ብዛቱ የገበሬው ምርጫና ድካም ፍሬ መሆኑን ይበልጥ ያጐላዋል እንጂ።

ቫቪሎቭ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ሌኒንግራድ በጠላት በተከበበችበት ጊዜም የተቋሙ ሠራተኞች የዘር ክምችቱን አንበላም ብለው ከመካከላቸው በረኃብ ያለቁ ነበሩ። ዘር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎችም የገብስን ቅጠል ቢጫ አድርጎ ተክሉን የሚያቀጭጨውን በሽታ የሚቋቋም ዘር ሲፈልጉ ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

ይሁን እንጂ ሀብቱ በራሱ አይጠበቅም። አዲስ ዘር ሲገባ አሮጌው ይተዋል፤ ረኃብ ሲመጣም ገበሬው ለዘር ያኖረውን ይበላል። ይህን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ተቋቋመ፤ ይህም ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሠረት ነው። ባንኩን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘሩ በመጋዘን ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንዲጠበቅ በማድረጋቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

ማሻሻልና መጠበቅ ተቃራኒዎች እንዳልሆኑ ጤፍ ያስረዳል። ተመራማሪው ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት እ.ኤ.አ. በ1975 ከገለጡ በኋላ ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል ተቻለ። በደብረ ዘይት የምርምር ማእከል የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው «ቁንጮ» የሁለት ነባር ጤፎች ልጅ ነው፤ ከአንዱ ነጭነትን፥ ከሌላው ምርታማነትን ወረሰ። ነባሮቹ ጠፍተው ቢሆን ኖሮ ቁንጮም አይወለድም ነበር።

ቸልተኝነት የሚያስከትለውንም አይተናል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። የአገሩ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ፈጠራ አይደለም ሲል ሻረው። ፍርዱም እውነት ነው፤ ፈጣሪው ስሙ ያልተጻፈው ገበሬ ነውና።

እንግዲህ መምህሩ በትምህርት ቤት፥ ሹሙ በጽሕፈት ቤቱ፥ ተማሪውም በምርምሩ ይህን ቢያስብ መልካም ነው። የገበሬውን ስም ከእንግዲህ ልናገኘው አንችልም፤ ሥራው ግን በእጃችን ይገኛል። ለእርሱ የሚገባው ሐውልት የተቀበልነውን ዘር ሳናጐድል ለሚመጣው ትውልድ ማስረከብ ነው።