ሱልጣኑ ወረደ፣ ዶሮዋ ቀረች

በጥር 1854 (እ.ኤ.አ.) ከቁስጥንጥንያ የተነሳ አንድ የእንፋሎት መርከብ እንግሊዝ ደረሰ። ኦቶማን ቱርክና ሩሲያ ጦርነት ከገቡ ወራት ተቆጥረዋል፤ እንግሊዝም ጦርነቱን ልትቀላቀል ሁለት ወር ቀርቷታል። መርከቡ ግን ጥቂት ዶሮዎች ጭኖ ነበር። ቁስጥንጥንያ የሚኖር ወዳጅ፣ ለንደን አጠገብ ሃምስቴድ ለምትኖረው ዶሮ አርቢ ለኤልዛቤት ዋትስ የላካቸው ናቸው።

ባሕሩ ክፉ ነበር። ዶሮዎቹ ሲደርሱ በቆሻሻ ተለውሰው መልካቸው አይለይም። የአውራው ላባ ነጭ ይሁን ዝንጉርጉር ለመለየት ከወራት በኋላም አስቸግሯል። በመጨረሻ ነጭ መሆኑ ታወቀ።

የቱርክ ስማቸው ሰራይ ታቩክ ነው፤ «የቤተ መንግሥት ዶሮ» ማለት። እንግሊዞች «ሱልጣን» አሏቸው። ስሙም አልበዛባቸውም። ራሳቸው ላይ ድፍን ጉትያ፣ ጉንጫቸውና አገጫቸው ላይ ጺም፣ እስከ እግር ጣታቸው የሚወርድ ላባ አላቸው። የብዙ ዶሮ ጣት አራት ሲሆን የእነሱ አምስት ነው። የአሜሪካ ዶሮ አርቢዎች ማኅበርም በ1874 ዝርያውን በይፋ መዘገበው።

ይህ ሁሉ ውበት ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ጉትያው ዓይኗን ስለሚጋርድባት ሱልጣን ዶሮ ከላይ የሚወርደውን ጭልፊት ቶሎ አታይም። የእግሯ ላባ ጭቃ አይችልም። እንቁላሏ ትንሽ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሏን አትታቀፍም። ዘሯ እንዲቀጥል ወይ ማሽን ያስፈልጋታል፣ ወይ ጉትያም ጺምም የሌላት ተራ ዶሮ ልትታቀፍላት ይገባል።

አጥርና አሽከር ባለበት ግቢ ይህ ችግር አይደለም። አጥሩ ሲፈርስስ?

በ1922 የቱርክ ሱልጣንነት ተሻረ፤ የመጨረሻው ሱልጣን መሐመድ 6ኛም በእንግሊዝ የጦር መርከብ አገሩን ጥሎ ወጣ። በእሱ ማዕረግ የተጠራችው ዶሮ ግን ከሰባ ዓመት ገደማ በፊት በሌላ መርከብ ቀድማው ወጥታ፣ በሰው አገር ዘርታ ነበር። ዛሬም ቁጥሯ ጥቂት ቢሆንም በአውሮፓና በአሜሪካ አለች። የዘር ሐረጓም በአብዛኛው ወደዚያ የጥር ጭነት ይመለሳል።

ቤተ መንግሥት ስም ሰጣት። ያተረፏት ግን አንድ ወዳጅ፣ ቆሻሻውን ሳትጠየፍ የተቀበለች አንዲት ሴት፣ የሌላ እንቁላል የታቀፉ ተራ ዶሮዎችም ናቸው።