አርሚን ሃሪ

አርሚን ሃሪ (ማርች 22 ቀን 1937 ተወለደ) ጀርመናዊ የአጭር ርቀት ሯጭ ሲሆን፣ 100 ሜትርን በ10.0 ሰከንድ በመሮጥ በይፋ የተመዘገበ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ1960 የሮም ኦሊምፒክ በ100 ሜትርና በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። ከካናዳዊው ፐርሲ ዊሊያምስ የ1928 ድል ወዲህ፣ አሜሪካዊ ያልሆነ ሯጭ የኦሊምፒኩን 100 ሜትር ሲያሸንፍ ሃሪ የመጀመሪያው ነበር። በዓለም አቀፍ መድረክ የሮጠበት ጊዜ ግን ከጥቂት ዓመታት አይበልጥም። በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና አጀማመር

ሃሪ የተወለደው በዛርላንድ በምትገኘው ክቪርሺድ ነው። አባቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ እንደነበሩ ይነገራል። ዛርላንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ቆይታ ወደ ምዕራብ ጀርመን የተመለሰችው በ1957 መጀመሪያ ላይ ነው፤ በ1952 የሄልሲንኪ ኦሊምፒክም ለብቻዋ ቡድን አሰልፋ ነበር። ሃሪ በመጀመሪያ የሞከረው አሥሩን የአትሌቲክስ ዓይነቶች አጣምሮ የሚይዘውን ዴካትሎን ነበር፤ ፊቱን ወደ አጭር ርቀት ያዞረው በኋላ ነው። ከሮጠላቸው ክለቦች አንዱ ባየር ሌቨርኩዘን ነው።

በ1958 በስቶክሆልም በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና 100 ሜትሩን በ10.3 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው በወቅቱ ከእሱ የበለጠ ስም የነበረው የአገሩ ልጅ ማንፍሬድ ገርማር ነው። በዱላ ቅብብሉም ወርቅ አገኘ።

ፍሪድሪሽስሃፈን

ከስቶክሆልም ድሉ ብዙም ሳይቆይ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1958፣ ሃሪ በደቡብ ጀርመን በምትገኘው ፍሪድሪሽስሃፈን ከተማ 10.0 ሮጠ። የዓለም ክብረ ወሰን በዚያን ጊዜ 10.1 ነበር። ሰዓቱ ግን አልጸደቀም። መሙ ሲለካ ከመነሻው እስከ መድረሻው ድረስ ያለው ዝቅታ ደንቡ ከሚፈቅደው በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል በልጦ ተገኘ፤ በ100 ሜትር የሚፈቀደው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያቺ ቁልቁለት ለሯጩ የሰጠችው ጥቅም በእጅ በሚያዝ ሰዓት ተለክቶ የሚታይ እንዳልነበረ መገመት ይቻላል፤ ዳኞቹ ግን የደንቡን ቃል ነው የተከተሉት።

ዙሪክ፣ ጁን 21 ቀን 1960

ስለ ሃሪ ከተጻፈው ሁሉ ብዙውን ቦታ የሚይዘው ይህ ምሽት ነው። ቦታው በዙሪክ የሚገኘው የሌትሲግሩንድ ስታዲየም ነው። ፈጣን መም በመሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት ጀርመናዊው ማርቲን ላወር የ110 ሜትር መሰናክል ክብረ ወሰን ያሻሻለውም እዚሁ ነው።

በመጀመሪያው ሩጫ ሃሪ ከሁሉም ቀድሞ ገባ፤ ሰዓት ያዦቹም 10.0 እንደያዙ ይነገራል። አስነሺው ግን ሃሪ ከተኩሱ በፊት ተነሥቷል አለ። እንደሚተረከው ከሆነ፣ ሯጮቹን በሁለተኛ ተኩስ መመለስ ሲገባው ሳይመልሳቸው ቀርቶ ነበር፤ ስለዚህ ውጤቱ ተሰረዘ። ሃሪ ተቃወመ፣ ተከራከረ፣ በመጨረሻም ሩጫው በዚያው ምሽት እንዲደገም ተፈቀደ። ብቻውን ቢሮጥ ሰዓቱ ለክብረ ወሰን አይቀርብለትም ነበርና አብረውት የሚሰለፉ ሰዎች ያስፈልጉት ነበር፤ ሁለት ሯጮች ፈቃደኛ ሆኑ።

ከ35 ደቂቃ ያህል በኋላ ሦስቱ ከመነሻው መስመር ላይ ተንበረከኩ። ሃሪ እንደገና ቀድሞ ገባ፤ ሰዓቱም እንደገና 10.0 ሆነ። በዚህኛው ላይ የአነሳስ ጥያቄ አልተነሣም፤ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበርም አጸደቀው።

በዚያ ምሽት የኤሌክትሪክ ሰዓትም ሠርቶ ነበር፤ የመዘገበው 10.25 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰዓት ያዦቹ ተሳስተው የመጣ አይደለም። ሰዓት ያዥ ሰዓቱን የሚያስነሣው ከመድረሻው ሆኖ የሽጉጡን ጭስ ሲያይ ነው፤ ዓይኑ አይቶ አውራ ጣቱ እስኪጫን ድረስ ጥቂት ጊዜ ያልፋል። ሯጩ ሲገባ ግን አመጣጡን እየተከታተለ ስለሚጠብቀው ሳይዘገይ ያቆመዋል። ስለዚህ የእጅ ሰዓት ከኤሌክትሪኩ በሁለት አሥረኛ ሰከንድ ያህል አንሶ ይገኛል። በ1960 የሚታወቀው የእጁ ብቻ ነበር፤ በአጭር ርቀት የኤሌክትሪክ ሰዓት ለክብረ ወሰን ግዴታ የሆነው በ1977 ነው። በዛሬው መለኪያ 10.25 ተራ ሰዓት ይመስላል። ነገር ግን ሃሪ የሮጠው በከሰል ፍርፋሪ በተነጠፈ መም ላይ ስለሆነ፣ ከዛሬው የጎማ መም ጋር በቀጥታ ማወዳደሩ ብዙ አይጠቅምም።

የአነሳሱ ጉዳይ

ሃሪ በአነሳሱ ፍጥነት በጋዜጦች ዘንድ በመብረቅ ይመሰል ነበር። ተቺዎቹ ሽጉጡን ያደባል ይሉ ነበር፦ «ተዘጋጅ» ሲባል ወገቡን ቀስ ብሎ ያነሣል፣ ሌሎቹ ረግተው ሲጠብቁ እሱ ገና በእንቅስቃሴ ላይ ስለሚሆን የመጨረሻው እንቅስቃሴው ከተኩሱ ጋር ይገጥማል የሚል ነበር ክሳቸው። ደጋፊዎቹ ደግሞ የሰውነቱ ምላሽ ከሌላው ሰው የፈጠነ ነው ባዮች ነበሩ።

ክርክሩን የሚቋጭ መረጃ በዘመኑ አልነበረም። የዛሬው የመነሻ ብረት ውስጡ የእግርን ግፊት የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ከተኩሱ በኋላ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ሳይሞላ የገፋ ሯጭ ቀድሞ እንደተነሣ ይቆጠራል። ያኔ ፈራጁ የአንድ አስነሺ ዓይን ነበር። ደንቡም ለእያንዳንዱ ሯጭ አንድ ስሕተት ይፈቅድ ነበር፤ የሚባረረው ሁለት ጊዜ የተሳሳተው ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ደንብ ደፋር ሯጭን እንደሚጠቅም ግልጽ ነው። ሆኖም የዙሪኩን ድጋሚ ሩጫ በማድባት ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት ውጤቱ የተሰረዘበት፣ አስነሺውም ዓይኑን የጣለበት ሰው ነበርና።

ሮም

የ100 ሜትሩ ፍፃሜ የተካሄደው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1960 (ነሐሴ 26 ቀን 1952 ዓ.ም.) ነው። አሜሪካውያኑ ሬይ ኖርተን፣ ዴቭ ሳይምና ፍራንክ በድ ሦስቱም ለፍፃሜ ደርሰው ነበር፤ ከውድድሩ በፊት ይበልጥ የተወራለት ኖርተን ነው። ሃሪ ቀድሞ በመነሣት አንድ ስሕተት ከተያዘበት በኋላ ነው የመጨረሻው ተኩስ የተተኮሰው፤ እንደገና ቢሳሳት ይባረር ነበር። ከዚህኛው አነሳስ ጀምሮ መራ። ሳይም በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ደርሶበት፣ ለመቅደም ወደፊት ሲዘረር መስመሩን አልፎ ወደቀ። የሁለቱም የእጅ ሰዓት 10.2 ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ሃሪ 10.32፣ ሳይም 10.35 ነበሩ። እንግሊዛዊው ፒተር ራድፎርድ ሦስተኛ፣ ኖርተን የመጨረሻው ሆነ።

በዱላ ቅብብሉ የጀርመን ቡድን (በርንድ ኩልማን፣ ሃሪ፣ ቫልተር ማህለንዶርፍ፣ ማርቲን ላወር) በ39.5 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰንን አቻ ሆኖ ወርቁን ወሰደ። ቀድመው የገቡት አሜሪካውያን ነበሩ፤ በድ ለኖርተን ዱላውን ሲያቀብል ከመቀባበያው ክልል በማለፋቸው ተሰረዙ።

የጫማው ጉዳይ

ሃሪ ፍፃሜውን የሮጠው በፑማ ጫማ፣ ሜዳሊያውን ሊቀበል የወጣው ግን በአዲዳስ ጫማ ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ የሩዶልፍና የአዶልፍ ዳስለር ነበሩ። ሃሪ ከሁለቱም ገንዘብ ለማግኘት አስቦ ነው ያደረገው የሚለው ትርጓሜ በሰፊው ይሠራበታል፤ አዶልፍ ዳስለርም በዚህ ተቆጥቶ ከሃሪ ጋር የነበረውን ግንኙነት እንዳቋረጠ ይነገራል። የኦሊምፒክ ደንብ በዚያን ጊዜ አትሌት በስፖርቱ ገንዘብ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር፤ ስለዚህ በግልጽ የተጻፈ ውል ይገኛል ተብሎ አይጠበቅም። ሃሪ በሁለት ጫማ ከታየ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ በጳጉሜን 5 ምሽት፣ አበበ ቢቂላ በዚያችው ከተማ ማራቶኑን ያለ ጫማ አሸነፈ። ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኛቸው ግን ከተማውና ኦሊምፒኩ ብቻ ነው።

ሩጫ ማቆሙ

ከሮም በኋላ በመኪና አደጋ ጉልበቱ ተጎዳ። ከጀርመን አትሌቲክስ ኃላፊዎች ጋርም በጉዞ ወጪ ሒሳብና በሰጣቸው ወቀሳዎች ምክንያት ተጋጭቶ ታገደ፤ በ1961፣ በ24 ዓመቱ፣ መሮጥ አቆመ። ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው ይበልጥ እንደከበደ ጸሐፊዎች አይስማሙም። በ2011 በጀርመን ስፖርት የክብር መዝገብ ውስጥ ስሙ ገብቷል።

ክብረ ወሰኑ

ከዙሪክ በኋላ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ካናዳዊው ሃሪ ጀሮም በሳስካቱን ከተማ 10.0 ሮጦ አቻ ሆነ። አሜሪካዊው ቦብ ሄይስም በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ያንኑ ሰዓት አስመዘገበ። ከ10.0 በታች በይፋ የተሮጠው በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ፣ ጁን 20 ቀን 1968 ነው፤ የሃሪ ሩጫ ስምንት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ጂም ሃይንስና ሌሎች ሁለት አሜሪካውያን በአንድ ምሽት 9.9 ገቡ።