ሞኖብሎክን ለከፍተኛ ጉልበት ሞተር ማዘጋጀት

ሞኖብሎክን ለከፍተኛ ጉልበት ሞተር ማዘጋጀት ማለት አዲስ የሞተር ብሎክን ከመገጣጠሙ በፊት መመርመር፣ መለካት፣ በማሽን ማረምና ማጠብ ነው። ሥራው በተለይ ለውድድር መኪኖችና ከመደበኛው በላይ ጉልበት እንዲሰጡ ለሚሠሩ ሞተሮች ይደረጋል። ሞኖብሎክ የሲሊንደሮችን ቀዳዳ፣ የክራንክሻፍቱን (ኮሎዶካ) መቀመጫ፣ የዘይትና የውሃ መተላለፊያዎችን አንድ ላይ የያዘ አካል ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የቀረ ስሕተት ሌላ ክፍል በመቀየር አይታረምም።

አዲስ ብሎክ የሚዘጋጅበት ምክንያት

አዲስ ብሎክ ንጹሕ ቢመስልም የቅርጽ ማውጫ አሸዋ፣ የብረት ብናኝና ስለታም ጠርዞች ሊቀሩበት ይችላሉ። በተጨማሪም ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ውጥረት ይይዛል፤ ሞተሩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ውጥረቱ እየተለቀቀ ቅርጹ በጥቂቱ ይለወጣል። ስለዚህ አንዳንድ ገንቢዎች ያገለገለ ብሎክ ይመርጣሉ። በ1983 እ.ኤ.አ. ኔልሰን ፒኬ የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የሆነበት የቢኤምደብሊው 1.5 ሊትር ቱርቦ ሞተር ብሎኩ ከመንገድ መኪና ሞተር የመጣ ነበር፤ ብዙ ኪሎሜትር የሄዱ ብሎኮች ይመረጡ እንደነበርም በሰፊው ይነገራል።

ፍተሻና የመጀመሪያ ሥራ

ስንጥቅ በማግኔትና በብረት ዱቄት ይፈለጋል። የሲሊንደር ግድግዳ ውፍረት በአልትራሳውንድ ይለካል፤ ምክንያቱም በቀረጻ ጊዜ የውስጥ ቅርጹ ከተንሸራተተ አንዱ ጎን ሊሳሳ ይችላል። ከዚያ ስለታም ጠርዞች ይሞረዳሉ፣ የብሎን ጥርሶች ይጸዳሉ፣ የዘይት መተላለፊያ ድፍኖችም ይወጣሉ።

የማሽን ሥራ

በቅድሚያ የክራንክሻፍቱ መቀመጫዎች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆናቸው ይረጋገጣል፤ የሌሎች ልኬቶች መነሻ ይህ መስመር ነው። ቀጥሎ ቴስታታው የሚያርፍበት ገጽ ከዚሁ መስመር ጋር ትይዩ እንዲሆን ይላጋል።

ሲሊንደሮቹ ወደሚፈለገው ልክ ከሰፉ በኋላ በሆኒንግ ድንጋይ ይጨረሳሉ። የቴስታታ ብሎኖች ሲጠብቁ የሲሊንደሩን ክብነት ስለሚያዛቡ፣ በሆኒንግ ጊዜ ወፍራም ሳህን በቴስታታው ቦታ በሙሉ ጥብቀት ይታሰራል። ድንጋዩ የሚተወው የተጠላለፈ ጭረት ዘይት ይይዛል፤ ፋሻዎቹም ከግድግዳው ጋር እንዲላመዱ ይረዳል።

ምሳሌ፦ የሸቭሮሌ ትንሹ ቪ8

በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸቭሮሌ ትንሹ ቪ8 ለዚህ ሥራ በብዛት ከሚመረጡት ሞተሮች አንዱ ነው። የ5.7 ሊትሩ ዓይነት የሲሊንደር ስፋት 101.6 ሚሊሜትር፣ የፒስቶን ጉዞው 88.4 ሚሊሜትር ነው። ከአንዱ ሲሊንደር መሐል እስከ ጎረቤቱ መሐል 111.8 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል የሚቀረው 10.2 ሚሊሜትር ያህል ነው። በ0.76 ሚሊሜትር ማስፋት የተለመደ ሲሆን የሞተሩን ይዘት ወደ 5.8 ሊትር ያደርሰዋል። ከዚያ በላይ ማስፋት ግድግዳውን ያሳሳል፤ የሳሳ ግድግዳ በግፊት ይለጠጣል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። በዚህ ሞተር የቴስታታ ብሎኖች ወደ ውሃ መተላለፊያው ስለሚዘልቁ ጥርሳቸው ማሸጊያ መቀባት አለበት፤ አለዚያ ውሃ በብሎኖቹ በኩል ያፈሳል።

እጥበት

ከሆኒንግ የሚቀረው ብናኝ ለሞተር ትልቅ ጠላት ነው። ቤንዚን ዘይቱን አጥቦ ብናኙን በጭረቶቹ ውስጥ ሊተወው ስለሚችል፣ ብሎኩ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠባል። የዘይት መተላለፊያዎች በረጅም ቀጭን ብሩሽ ይፈተጋሉ፤ እዚያ የቀረ ብናኝ ሞተሩ እንደተነሣ ብሮንዚናዎቹን ይጭራል። በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ እጥበቱ ይደገማል። እርጥብ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚዝግ ወዲያው በአየር ደርቆ ዘይት ይቀባል።

የመጨረሻ ልኬት

የብሮንዚና ክዳኖች በቶርክ ሬንች ጠብቀው በክራንክሻፍቱና በብሮንዚናው መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። የተለመደው መነሻ ለአንድ ሚሊሜትር ዲያሜትር 0.001 ሚሊሜትር ነው፤ ለ62.2 ሚሊሜትር አንገት 0.06 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ክፍተቱ ከጠበበ የዘይቱ ሽፋን ይጠፋል፤ ከሰፋ የዘይት ግፊት ይወርዳል። የሙቀት ልዩነት ልኬትን ስለሚለውጥ ብሎኩ፣ ክራንክሻፍቱና መለኪያው በአንድ ክፍል አድረው ይለካሉ።