ሊቀመንበሩ የማን ነበር?

ከአምቦ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወንጪ የደረሰ እንግዳ፣ ከእሳተ ገሞራው አፋፍ ሐይቁን ቁልቁል ሳያይ ባለፈረሶች ይቀበሉታል። የወንጪ ገበሬዎች በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ አስጎብኚውም ባለፈረሱም በተራ እንዲሠራ ተስማምተው ነበር። ተራ የሚያስከብር መርጦ ገንዘቡን ማስቆጠር ግን ለአገራችን ገበሬ የቆየ ፈተና ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረና በየ20 ጋሻው (800 ሄክታር) አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። የዕድገት በኅብረት ዘማቾችም ገጠር ወርደው አደራጁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መሬት የሚደለድለውም ሆነ የድንበር ጠብ የሚዳኘው የገበሬው የራሱ ሰው ነበር።

ታኅሣሥ 1968 አዋጅ 71 ለማኅበሩ ፍርድ ሸንጎና ጥበቃ ሰጠው። ከ3 እስከ 10 ማኅበራት ተጣምረው የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ፤ ጨው፣ ሳሙናና ስኳር የሚሸጥ ሱቅም ከፈቱ። ሥራው ግን ከላይ ይወርድ ጀመር፤ ግብር መሰብሰብ፣ መዋጮ፣ ለውትድርና ወጣት መመልመል፣ ከሁሉም በላይ የእህል ኮታ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ዋጋውን ከገበያ በታች ይተምናል፤ እህሉ ያልደረሰለት ገበሬ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። ይህን የሚያስፈጽመው ሊቀመንበሩ ነው።

የአመራሩና የገንዘቡ ችግር አንድ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ሊቀመንበሩን የመረጠው ገበሬ፣ የሚገመግመው ግን ወረዳ ነው። ያው ገበሬ የእድሩን ገንዘብ ያዥ «ስንት ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የማኅበሩን ሣጥን ግን ለመጠየቅ ይፈራል።

የካቲት 26 ቀን 1982 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ፣ መሬትና በሬያቸውን በጋራ አድርገው ያርሱ የነበሩት አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ፤ አባላቱ በሬና መሬቱን ተከፋፈሉ። በ1983 የመንግሥት ለውጥም ብዙ የአገልግሎት ማኅበራት ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ። የእኔ ነው የሚለው ባለቤት ያጣ ንብረት ጠባቂም አያገኝም።

በ1991 የወጣው አዋጅ 147 ማኅበሩን ባለቤት ያሳጣውን ያንን ስህተት ለማረም ሞከረ፤ አባልነት በፈቃድ ሆነ፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ፣ ማንም ከአክሲዮኑ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ፣ ከትርፉ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ፣ ቀሪው ለአባላት። ሕጉ ጥሩ ነበር፤ የሚያስከብረው ግን መዝገብ የሚያስገልጥ አባል ነው።

በ2014 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አሰለፈ። እንግዳው ሲበዛ ሣጥኑም ይከብዳል። ተራውን የሚጠብቀው ባለፈረስ ሊቀመንበሩን ቀና ብሎ አይቶ «ሒሳቡን አሳየን» ማለት ከቻለ፣ በ1967 የተጀመረው ነገር ያኔ ለባለቤቱ ደረሰ ማለት ነው።