ወዝ፣ ንቅሳትና የክንድ መለኪያ፦ በሮቢትና በቆቦ ሜዳ አካል እንዴት ይነበባል?
(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ግልባጭ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦር ሜዳ አይደለም፤ ስለ ሰው አካል ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍላችን ይህን ርእስ ለሕክምና ፋኩልቲ መተው ይቀናዋል። የሕክምና ባልደረቦቻችን በበኩላቸው ለበሽታው ያስባሉ እንጂ በሽታው ያረፈበት አካል ቀድሞ በቤተሰብ፣ በባህልና በእምነት እንደ ተነበበ ብዙም አያነሡም። በሁለቱ መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ ነው ዛሬ የምጎበኘው። ቦታውም ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ጎብዬን አልፎ የሚገኘው ሮቢትና ዙሪያው ያለው የራያ ቆላ ነው። ስለ አገሩ ብዙ መተረክ አያሻኝም፤ ማሽላውንና ጤፉን፣ በምሥራቅ የቆመውን የዞብል ተራራ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን የሚያድሩበትን፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ የሚገኙበትን ኑሮ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ከሰላምታ ልጀምር። በአካባቢው ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያዩት ሥጋን ነው። «አምሮብሻል፣ ተመችቶሻል» የሚባለው ሥጋ ለለበሰ ሰው ነው። «ምነው ከሳህ? ምን ነካህ?» የሚለው ደግሞ ከሰላምታነት አልፎ ምርመራ ነው፤ ጠያቂው ሕመም፣ ችግር ወይም ሐዘን መኖሩን እየጠረጠረ ነው። ቋንቋችን ለዚህ ምርመራ የራሱ ቃላት አሉት። ወዝ እንበል። ወዝ ውፍረት ብቻ አይደለም፤ ቆዳ ላይ የሚታይ የቅቤ፣ የእህልና የዕረፍት ምልክት ነው። ተቃራኒው አመድ መምሰል ነው። አንድ ሰው ከመከራ ሲወጣ «አመዱ ተራገፈ» ይባላል። በዚህ አነጋገር ጤና፣ ውበትና ሀብት ሦስት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ የአንድ ነገር ሦስት ስሞች ናቸው።

ይህ አመለካከት ከየት መጣ? የተለመደው መልስ «ከረኀብ ነው» የሚል ነው፤ መልሱም መሠረት አለው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን የከብት ወረርሽኝ በምጽዋ በኩል ገብቶ በሬውን ፈጀ፤ ያለ በሬ የቀረው ገበሬ ማሳውን ማረስ አቃተው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ እህልና ከብቱን ጨርሶ አውራ ጎዳናውን ተከትሎ ተሰደደ፤ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በታየ ጊዜ መንግሥት ሲሸፍነው የቆየው እልቂት ለዓለም ተገለጠ። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ከአላማጣ ዳገት ራስ ላይ የምትገኘው ኮረም በማይክል በርክና በመሐመድ አሚን ዘገባ የዓለም መነጋገሪያ ሆነች። በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ ያየ ሕዝብ የልጁን ጉንጭ በጭንቀት ቢያይ አይደንቅም። ከረኀብ ዘመን የተረፈች እናት ልጇ ሲከሳ የምታየው የልጇን ፊት ብቻ አይደለም።

ነገር ግን ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው እላለሁ። ረኀብ ሁሉን ነገር ያስረዳ ቢሆን ኖሮ ቀጭን አካል በአካባቢው ከቶ ክብር ባላገኘ ነበር። ግን አግኝቷል። በኦርቶዶክስ ክርስትና ከዓመቱ ቀናት ገሚሱ ያህል የጾም ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ያሉት ባሕታውያን አጥንታቸው የወጣ ነው፤ በወሎ የሙስሊም ሊቃውንት ዘንድም ከምግብና ከእንቅልፍ መራቅ የዕውቀትና የቅድስና ምልክት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ አንዲት የሮቢት አያት የልጅ ልጇ ስትከሳ ትደነግጣለች፤ እርሷ ራሷ በጾም ስትከሳ ግን ደስ ይላታል። በቤተሰቡ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕድሜና ማዕረግ የሚገባ አካል አለ፤ ለሕፃን የሚገባው ወዝ ለመነኩሴ አይገባም። «የእኛ ባህል ወፍራም ይወዳል» ብላችሁ የምትጽፉ ተማሪዎች ይህን ብታስተውሉት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ኮረም ልመለስ። በ1977 በመጠለያዎቹ ውስጥ አዲስ የአካል አነባበብ ገባ። ሕፃኑ ይመዘናል፣ ቁመቱ ይለካል፣ ክንዱ በመለኪያ ጥብጣብ ይታሠራል፤ ከዚያም ለተጨማሪ ምግብ ይመረጣል ወይም ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ልጅ ደኅና መሆኑን የምትፈርደው እናት ወይም አያት ነበረች። አሁን ቁጥር ፈረደ። መለኪያው ዛሬም በየቀበሌው አለ፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለን ሕፃን ክንድ ለክተው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለከባድ የምግብ እጥረት ሕክምና ይልኩታል።

እዚህ ላይ የእናት ዓይንና የጥብጣቡ ፍርድ የሚጋጩባቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ፤ ሁለቱም ሕይወት የሚያስከፍሉ ናቸው። አንደኛው እብጠት ነው። ክዋሽዮርኮር የያዘው ሕፃን ፊቱና እግሩ በውኃ ይሞላል፤ ወዝ ለሚፈልግ ዓይን ወፍሮ ይታያል። ጥብጣቡም ብቻውን ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ ነው የጤና ሠራተኛዋ የሁለቱን እግሮች ጀርባ በአውራ ጣቷ ተጭና ጉድጓዱ መቅረቱን የምታየው። ሁለተኛው ይበልጥ የተሰወረ ነው፤ መቀንጨር። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። ከሁለት ልጆች አንዱ ሊባል ምንም ያህል ያልቀረው ነው። የቀነጨረ ልጅ ግን አይከሳም፤ ጉንጩ ይሞላል፣ ይጫወታል። አጭር ነው ብቻ። የጎረቤቱ ልጅም አጭር ነው። «በዘሩ ነው፣ አባቱም አጭር ነበር» ይባላል፤ አባቱ በ1977 ሕፃን እንደ ነበረ የሚያሰላ የለም። ግማሽ ሕዝብን የሚነካ ጉዳት መደበኛ መልክ ሆኖ ሲኖር በሽታ መባሉን ያጣል። ለእኔ በአካል እይታና በጤና መካከል ካሉት ግንኙነቶች ሁሉ ከባዱ ይኸኛው ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም፣ ማንም አልተሳሳተም፣ ልጁ ግን በትምህርት ቤት ወደ ኋላ ይቀራል።

ወዝ ያለው ልጅ ደግሞ ሌላ ስጋት አለበት። ዓይን ይበላዋል። ስለዚህ እናት ልጇን ከእንግዳ ፊት አታጎርሰውም፣ ትሸፍነዋለች፤ ክርስቲያኑ ክታብ፣ ሙስሊሙም በሸኹ የተጻፈለትን ያስርለታል። ልጁ ቢታመም የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አየው?» ነው። ይህን እምነት መሳቂያ ማድረግ ቀላል ነው። ነገር ግን ጠበል ወይም ዱዓ ቤት የሚወስደው መንገድ ለእናቲቱ ብቻዋን የማትጓዝበት መንገድ ነበር፤ ዘመድ ይከተላታል፣ ጎረቤት ይጠይቃታል። ጤና ጣቢያው ያን ሁሉ ሊሰጣት አልቻለም። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ተከታትለው ሲሆኑ ነው፤ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ለሁለተኛው ተራ አይቆይም።

ከጉንጭ ወደ አንገት ልውረድ። በሰሜን ኢትዮጵያ በዕድሜ የገፉ ሴቶች አንገታቸውን ዙሪያውን በመስመር በመስመር ተነቅሰው ታያላችሁ። ዛሬ ወጣቱ እንደ ጥንት ጌጥ ያየዋል። ጌጥ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን በብዙ ቦታ መድኃኒትም ነበር፤ እንቅርትን ያቆማል፣ ያወጣል ተብሎ ይነቀሳል። ድድ መነቀስም እንዲሁ ነው፤ ጥርስን ያነጣል፣ ድድን ያጠነክራል ይባላል። ይህ አካል ላይ የተጻፈ የሕክምና ታሪክ ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት እንቅርት ምን ያህል የተለመደ ጓደኛ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

የእንቅርት መነሻ የአዮዲን እጥረት ነው፤ የአዮዲን ታሪክ ደግሞ የጨው ታሪክ ነው። ለዘመናት የደጋውም የቆላውም ሰው የበላው ከአፋር ረባዳ ተቆርጦ በግመልና በአህያ የመጣ ጨው ነው። እስከ 1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ድረስ ብዙው ጨው በአሰብ በኩል አዮዲን ተጨምሮበት ይመጣ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ ገበያው ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ፤ እርሱ አዮዲን አልነበረውም። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ስለ ተወለዱት ልጆች አስቡ። ንቅሳት እንቅርትን አያድንም። ነገር ግን ሴቶቹ በሽታውን ለይተው ያውቁት ነበር፤ የጎደለው ጨው ውስጥ መሆኑን ብቻ ነው ያላወቁት፤ ያንንም በገበያቸው ሊያገኙት አይችሉም ነበር። ሰሜኑን ሕዝብ «አላዋቂ» እያሉ የጻፉ ሁሉ በዚህ ላይ ትንሽ ቢያመዛዝኑ መልካም ነበር።

ስለ ወባ በአጭሩ እናገራለሁ፤ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋልና። ደገኛው ቆላን የሚፈራው በንዳድ ምክንያት ነው፤ የቆላ ሰውን ገርጣታነትም የአገሩ መልክ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። የቆቦና ጨርጨር ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አገሪቱ ወባን ለማጥፋት በሙከራነት ከመረጠቻቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ መሆኑ በአካባቢያችን እምብዛም አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ ዳገት ወጥቶ ደጋና ወይና ደጋውን ሲመታ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። ከዚያ ወዲያ ነው ንዳድ የቆለኛ ብቻ አለመሆኑን ማዕከሉ የተረዳው።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው፤ የሴት ልጅ ግርዛት። በዚህ ክልል ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው በሕፃንነት ነው። ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል። በሌሎች አካባቢዎች ልጃገረዲቱ ወደ ጋብቻ ስትቃረብ የሚደረግ በመሆኑ ቢያንስ እምቢ የምትልበት አፍ አላት። እዚህ ግን «የሴት አካል ይህን መምሰል አለበት» የሚለው ፍርድ የሚሰጠው ልጅቱ አካል እንዳላት እንኳ ከማወቋ በፊት ነው። የሚሰጡት ምክንያቶችም የአካል ምስልና የጠባይ ድብልቅ ናቸው፤ ንጹሕ ትሆናለች፣ ካልተገረዘች ዕቃ ትሰብራለች፣ ባል አታገኝም። የሁለቱም ሃይማኖት ተከታዮች ይፈጽሙታል፤ በመጽሐፍ ቅዱስም ሆነ በቁርኣን ግን የታዘዘበት ቦታ የለም። ወሳኙ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በአብዛኛው አባት አይደለም። አያት ናት። የምትፈጽመውም ሴት ናት። በራሷ ላይ የተደረገውን ነው የምታደርገው፤ ያንን ጉዳት ብላ ብትጠራው የራሷንና የእናቷን አካል ጎደሎ ማለት ይሆንባታል። የሕጉን አዝጋሚነት ያለዚህ መረዳት አይቻልም።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 565 ግርዛትን ከሦስት ወር ባላነሰ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር ባላነሰ መቀጮ ይቀጣል፤ የጸናውም በ1997 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ መቀነሱ ግልጽ ነው፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች የተገረዙት በ1992ቱ (እ.ኤ.አ. 2000) ጥናት 80 በመቶ ነበሩ፤ በ2008ቱ 65 በመቶ ሆኑ። በዚያው ጥናት ከ45 እስከ 49 ዓመት ካሉት 75 በመቶ፣ ከ15 እስከ 19 ካሉት 47 በመቶ ናቸው። እነዚህ ወጣቶች ሕጉ በጸናበት ጊዜ አብዛኞቹ የመገረዣቸው ዕድሜ አልፎ ነበር። እንግዲህ መውረዱ ከሕጉ በፊት ጀምሯል ማለት ነው። ስለዚህ ለውጡን ለአንቀጹ ብቻ መስጠት የታሪክ ስሕተት ይመስለኛል፤ የሴቶች ትምህርት፣ የጤና ሠራተኞች ወደ ቤት መግባት፣ ስደትና የከተማ ኑሮ አብረው ሊመረመሩ ይገባል። በሌላ በኩል 47 በመቶ ማለት በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁ ሴት ተማሪዎች እኩሌታ የሚጠጋ ቁጥር ነው። ይህን ስናገር አዳራሹ ዝም ማለቱን ሰምቼዋለሁ።

ስለ ወይባ ጢስ ሁለት ቃል ልበልና ላብቃ። የወይባ እንጨት ጢስ በራያና በወሎ ቆላ ሴት ልጅ የምትሞቀው ነው፤ ወገብ ያጸናል፣ ቆዳ ያወዛል፣ ገላን ያሸታል ይባላል። ጉድጓዱም ጋቢውም በጓዳ ነበር፤ እናት ለልጇ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ታዘጋጃለች። ዛሬ በከተሞች የውበት ሳሎኖች ውስጥ በክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ሆኗል። በጓዳው ውስጥ ጢሱን የምታሞቀው ሴት ስለ ማኅፀን፣ ስለ ደም፣ ስለ ባል የምትጠየቅ አዋቂም ነበረች። ሳሎኑ ጢሱን ወስዷል፤ ያን ጥያቄ ማን እንደ ወሰደው ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ሮቢትና ቆቦ ወርዳችሁ፣ እናቶችን አስፈቅዳችሁ፣ ብትጠይቁ እወዳለሁ። የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ ልተወው።